በሴራሚክ በተለበጠ የጡብ ግድግዳ ላይ የአየር መውጫ ስለ መክፈት

በከተማ ቤት ሲሠራ ስለ ሳሎኑ ስፋት፣ ስለ መኝታ ቤቱ መስኮት፣ ስለ አጥሩ ቁመት ብዙ ይመከራል። መታጠቢያ ቤቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከሌሎቹ ክፍሎች በተረፈው ጠባብ ቦታ ላይ ይወድቃል። ግድግዳው እስከ ኮርኒሱ ድረስ በነጭ ሴራሚክ ይለበጣል፤ ውኃ ይሳብለታል፤ መብራት ይገባለታል፤ አየር የሚወጣበት ግን አይታሰብለትም። አንዳንዱ ቤት ደግሞ መጀመሪያ ደኅና መስኮት ነበረው፤ በኋላ ለልጅ ማደሪያ ወይም ለኪራይ የሚሆን ክፍል ከጎኑ ሲቀጠል መስኮቱ በብሎኬት ተደፈነ። እንዲህ ያለው መታጠቢያ ቤት ለዓይን ያማረ ሆኖ ሳለ ለሳንባ የታፈነ ነው።

ምልክቱ አይሰወርም። መስተዋቱ ታጥበው ከወጡ በኋላ ለረዥም ጊዜ እንደ ደፈረሰ ይቆያል። ፎጣው ሲያድር አይደርቅም። የኮርኒሱ ቀለም ይላጣል፤ የእንጨቱ በር በክረምት አብጦ አልዘጋም ይላል። በሴራሚኮቹ መገጣጠሚያ ላይና በማዕዘኑ ጥቁር ነጠብጣብ ይታያል። የቤቱ እመቤት በየሳምንቱ በበረኪና ትፈትገዋለች፤ በሚቀጥለው ሳምንት ተመልሶ ይመጣል። ብዙ ጊዜም እንግዳ ያየው እንደ ሆነ የጽዳት ጉድለት አድርጎ ይቆጥርባታል። ይህ ፍርድ ልክ አይደለም። ጥፋቱ የግድግዳው እንጂ የእርሷ አይደለምና።

ነገሩን በቁጥር እንመልከተው። ሙቀቱ 25 ዲግሪ የሆነ አንድ ሜትር ኩብ አየር እስከ 23 ግራም የሚደርስ የውኃ እንፋሎት መሸከም ይችላል፤ ያው አየር ወደ 12 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ ግን ከ11 ግራም በላይ መያዝ አይችልም። እንግዲህ ርዝመቱና ወርዱ ሁለት ሁለት ሜትር፣ ቁመቱ ሁለት ሜትር ተኩል የሆነ መታጠቢያ ቤት 10 ሜትር ኩብ አየር አለው። በሙቅ ውኃ ታጥበን ስንወጣ እንፋሎት የሞላው አየር፣ እንደ አዲስ አበባ ባለ ደጋ አገር ሌሊት ሲቀዘቅዝ፣ 120 ግራም ያህል ውኃ ይተፋል። ይህም አንድ የሻይ ብርጭቆ የሚሞላ ነው። ቤተ ሰቡ አምስት ከሆነና አምስቱም ከታጠቡ ምን ያህል እንደሚሆን አንባቢ ራሱ ያስላው። ሴራሚኩ ውኃ አይጠጣም፤ ስለዚህ ውኃው ወደ መገጣጠሚያው፣ ወደ ልስኑና ወደ ኮርኒሱ ይሄዳል፤ ሻጋታም የሚበቅለው በዚያ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2009 ስለ ቤት ውስጥ እርጥበትና ሻጋታ ባወጣው መመሪያ፣ እርጥብና ሻጋታ በያዘው ቤት የሚኖሩ ሰዎች ለመተንፈሻ አካል ሕመምና ለአስም ይበልጥ የተጋለጡ መሆናቸውን አስፍሯል።

ከሻጋታው ይልቅ የሚያስፈራው ግን ሌላ ነው። በደጋው አገር ሕፃን ሲታጠብ፣ አራስ ስትታጠብ ወይም ሽማግሌ አባት ገላቸውን ሲለቃለቁ ብርዱ እንዳይመታቸው ተብሎ የከሰል ማንደጃ ወደ መታጠቢያ ቤት ይገባል፤ በሩም ይዘጋል። ሐሳቡ ከፍቅር የመጣ ነው። ከሰሉ ደኅና ቀልቶ ጭሱ ስለ ጠፋ ጉዳት የለውም ይባላል። ነገር ግን የሚገድለው ጭሱ ሳይሆን ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ጋዝ ነው፤ ይኸውም ከሰል በቂ አየር ሳያገኝ ሲነድ የሚወጣ፣ ቀለምም ሽታም የሌለው ነገር ነው። ፈረንሳዊው ሊቅ ክሎድ በርናር ይህ ጋዝ የሚገድለው በደም ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ በመያዝ መሆኑን በ19ኛው መቶ ዓመት አስረድቷል። ኦክስጅን የሚሸከመውን የደም ክፍል ከኦክስጅን ይልቅ ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዘዋል። በአዲስ አበባ ከፍታ ደግሞ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ስለሆነ፣ ሰውነት መጀመሪያውኑ የሚያገኘው ኦክስጅን ያነሰ ነው።

መጀመሪያ ራስ ምታት ይመጣል፤ ቀጥሎ ማዞርና ማቅለሽለሽ፤ ከዚያ በኋላ ጉልበት ይከዳል፤ በሩን ለመክፈት የፈለገ ሰው እጁን ማንሣት ያቅተዋል። ነፍሰ ጡር እናት ራሷ በጥቂቱ ብትታመም በማኅፀን ያለው ሕፃን ከእርሷ ይልቅ ይጎዳል። እንዲህ ያለ ነገር ሲደርስ የሚገባው በሩን መክፈት፣ ሰውየውን ወደ ሜዳ አየር ማውጣትና ኦክስጅን ወደሚገኝበት ሐኪም ቤት ፈጥኖ መውሰድ ነው። ሎሚ ማሽተትና ወተት ማጠጣት ጋዙን ከደም አያስወጣውም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በግልጽ መነገር አለበት፤ ምክንያቱም ከዚህ በታች የምንጽፈውን የሥራ መመሪያ አንብቦ «እንግዲህ ቀዳዳ አለን፤ ከሰሉን እናግባ» የሚል ሰው አይጠፋም። ክብደቱ ከአየር ጋር ተቀራራቢ የሆነ ጋዝ በአሥር ሳንቲ ሜትር ቀዳዳ ተጠራርጎ አይወጣም። ቀዳዳው የሚከፈተው ለእንፋሎት እንጂ ለከሰል አይደለም። ከሰል ቀዳዳ ቢኖርም ባይኖርም መታጠቢያ ቤት አይገባም። ሕፃኑን ለማሞቅ የሚሻለው ውኃውን አሙቆ፣ ክፍሉን አስቀድሞ በሙቅ ውኃ እንፋሎት ወይም በማሞቂያ አሙቆ፣ ፎጣውን በደረት ይዞ መጠበቅ ነው።

አባቶቻችን በጎጆ ሲኖሩ ይህ ችግር በዚህ መልክ አልነበረም፤ የሣሩ ክዳን ራሱ ይተነፍስ ነበርና ጭሱም እንፋሎቱም በክዳኑ መካከል እየሾለከ ይወጣ ነበር። ጭሱ ዓይን ያስለቅስ እንደ ነበር አይካድም፤ ሁሉን ነገር ያለፈው ይሻላል ማለታችን አይደለም። በሮማውያን ዘመን የነበረው የሕንፃ ዐዋቂ ቪትሩቪየስም በጻፈው መጽሐፍ፣ በማላቢያው ክፍል ጉልላት አናት ላይ ክፍት ቦታ እንዲተውና ከእርሱ ሥር በሰንሰለት የተንጠለጠለ የነሐስ ክብ ሰሌዳ እንዲደረግ፣ ሰሌዳውም ከፍና ዝቅ እየተደረገ ሙቀቱ እንዲመጠን አዟል። ሁለት ሺህ ዓመት ያለፈው ምክር ነው፤ ቀዳዳው በላይ መሆን እንዳለበትም ያን ጊዜ ዐውቀው ነበር። ሙቅና እርጥብ አየር ወደ ላይ ይወጣልና።

ወደ ሥራው እንግባ። በመጀመሪያ የሚመረጠው ግድግዳው ነው። ወደ ውጭ የሚመለከት፣ ከታዛው ሥር የሚውል፣ ከበሩ በተቃራኒ ያለ ግድግዳ ከሁሉ ይሻላል፤ በበሩ ሥር የገባው አየር ክፍሉን ተሻግሮ እንዲወጣ ነው። ወደ ጎረቤት መስኮት የሚተነፍስ ቀዳዳ ጠብ ይወልዳል። ከሁሉ የከፋው ግን እንፋሎቱን ወደ ኮርኒሱ በላይ፣ ከቆርቆሮው ሥር መልቀቅ ነው፤ ይህን የሚያደርጉ ሠራተኞች አሉ፤ ሥራው ቀላል ስለሆነላቸው ነው። ቆርቆሮው ሌሊት ይቀዘቅዛል፤ እንፋሎቱ በእርሱ ላይ ውኃ ሆኖ በኮርኒሱ ላይ ይንጠባጠባል፤ ባለቤቱም ጣሪያዬ ያፈሳል ብሎ በበጋ ቆርቆሮ ያስቀይራል።

በጋራ መኖሪያ ሕንፃ የሚኖር ሰው የውጭውን ግድግዳ ከመንካቱ በፊት የነዋሪዎቹን ማኅበር ይጠይቅ። በ1995 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 370 የቤት ባለቤቶች ማኅበር እንዲኖር የደነገገው ለብቻ የሆነውና የጋራ የሆነው ነገር እንዳይቀላቀል ነው።

ግድግዳው ከምን እንደ ተሠራ ማወቅም ያስፈልጋል። የሸክላ ጡብ ግድግዳ ውፍረቱ በአንድ ጡብ ወርድ 12 ሳንቲ ሜትር ያህል፣ በጡቡ ርዝመት 25 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው፤ በላዩ ልስኑና ሴራሚኩ ይጨመራል። ብሎኬት ከሆነ ውስጡ ክፍት ነው፤ ሲመታም ድምፁ ይለያል። አርማታ ከሆነ ግን ይተው። ዓምዱ፣ በግድግዳው ራስ ላይ የሚዞረው ወራጅ፣ በበርና በመስኮት አናት የተኛው አርማታ ቤቱን የተሸከሙ ናቸውና በእነርሱ ላይ ቀዳዳ መክፈት፣ በውስጣቸው ያለውንም ፌሮ መቁረጥ አይገባም። ስለዚህ «በተቻለ መጠን ከኮርኒሱ ሥር» ስንል ከወራጁ በታች ማለታችን ነው።

ቀጥሎ በግድግዳው ውስጥ የተቀበረው ይታሰብ። የውኃ ቱቦ አብዛኛውን ጊዜ ከቧንቧው ወይም ከሻወሩ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ይሄዳል። የመብራት ሽቦ ከማብሪያና ማጥፊያው ቀጥ ብሎ ይወጣና ከኮርኒሱ በታች በመገናኛ ሣጥኖቹ መካከል አግድም ይጓዛል፤ እኛ ቀዳዳ ልንከፍት የምንፈልግበት ከፍታ ብዙ ጊዜ ይኸው ነው። ስለዚህ ሣጥኖቹ የት እንዳሉ አይቶ በመካከላቸው ያለውን መስመር መሸሽ ነው። በግድግዳ ውስጥ ያለውን ብረትና ሽቦ የሚያመለክት አነስተኛ መሣሪያ ያለው ባለሙያ ከተገኘ ደስ ይበላችሁ። ከተገኘም በኋላ የመታጠቢያ ቤቱ መብራት ከብሬከሩ ይጥፋ፤ ውኃውም ከዋናው መዝጊያ ይዘጋ። መሰርሰሪያው ከሌላ ክፍል በሚመጣ ሽቦ ይሠራል። ኃይሉ 220 ቮልት ነው፤ ከእርጥብ ወለል ጋር አይጫወቱበትም።

አሁን ወደ ሴራሚኩ ደረስን፤ ጥንቃቄው ያለው እዚህ ነው። በእንዲህ ያለ ሥራ መጀመሪያ ላይ ብዙ ጊዜ የሚሰማው ንግግር ይህን ይመስላል፦

«እትዬ፣ ይህን በመዶሻና በመሮ በግማሽ ሰዓት እጨርስልዎታለሁ።»

«ወንድሜ፣ ግማሽ ሰዓቱ ይቅርብኝ፤ ሴራሚኩ ሳይሰነጠቅ በግማሽ ቀን ጨርስልኝ።»

እመቤቲቱ ልክ ናት። የሴራሚክ ፊት እንደ መስተዋት ነው፤ ጠንካራ ነው፣ ነገር ግን መመታትን አይችልም። አንድ ጊዜ የተመታ እንደ ሆነ ስንጥቁ በዚያው አይቆምም፤ ወደ ጎረቤቱም ይሻገራል። እንዲያ የሆነ እንደ ሆነ ደግሞ ያንኑ ዓይነት ሴራሚክ ከገበያ ማግኘት ጭንቅ ነው፤ ቀለሙ ቢገኝ መጠኑ አይገኝም። ቤቱ ሲሠራ የተረፉ ሁለት ሦስት ሴራሚኮች በዕቃ ቤት ካሉ ከመጀመር በፊት ይፈለጉ።

ቀዳዳው የት እንዲውል ይመረጥ። ሴራሚኩ ትልቅ ከሆነ ቀዳዳው በአንዱ ሴራሚክ መካከል ይዋል፤ ከጠርዙም ቢያንስ ሦስት ሳንቲ ሜትር ይራቅ፤ በጠርዝና በቀዳዳ መካከል የቀረች ቀጭን ቁራጭ ሁልጊዜ ትሰበራለችና። ሴራሚኩ እንደ ቀድሞው ዓይነት 15 በ15 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ግን የቀዳዳው መካከል አራቱ ሴራሚኮች በሚገናኙበት መስቀለኛ ላይ ይሁን፤ ያን ጊዜ እያንዳንዱ ማዕዘኑን ብቻ ያጣል። በጣት አንጓም ይንኳኳ፤ ባዶ ድምፅ የሚሰጥ ሴራሚክ ከግድግዳው የለቀቀ ነው፤ በእርሱ ላይ መሥራት አይመረጥም።

ለአየር መውጫው የሚሆነው በገበያ በቀላሉ የሚገኘው የ11 ሳንቲ ሜትር የፒ ቪ ሲ ቱቦ ነው፤ ለእርሱም 12 ሳንቲ ሜትር ያህል ቀዳዳ ይበቃል። ስፍራው ላይ ተለጣፊ ፕላስተር ይለጠፍና ክቡ በእርሱ ላይ ይሣል፤ ፕላስተሩ ፑንታው እንዳይንሸራተት ይይዛል። በመካከሉ አስቀድሞ ቀጭን ቀዳዳ ይበሳል፤ የመሰርሰሪያው ምት ጠፍቶ፣ በዝግታ፣ ሴራሚኩ እስኪታለፍ ድረስ። ከዚያ በኋላ ረዥም ፑንታ ተደርጎ ግድግዳው እስከ ውጭ ይበሳ። ይህ ቀጭን ቀዳዳ ወደ ውጭ ጥቂት ማዘንበል አለበት፤ በ25 ሳንቲ ሜትር ግድግዳ ውስጥ አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ቢል ደኅና ነው። ዝናብም ሆነ በቱቦው ውስጥ የቀዘቀዘ እንፋሎት ወደ ቤት ሳይሆን ወደ ደጅ እንዲፈስ ነው። በዚህ ስፍራ ውኃ ልክ ይዞ አንድ ጊዜ መለካት በኋላ ከሚመጣ ብዙ ጣጣ ያድናል።

ትልቁን ቀዳዳ ለመቁረጥ የሚሻለው የአልማዝ ጥርስ ያለው ክብ መቁረጫ ነው። ከሴራሚኩ ፊት ይጀመራል፤ ያለ ምት፣ በዝቅተኛ ፍጥነት። ረዳት በእርጥብ ስፖንጅ ቦታውን እያረጠበ ያቀዘቅዘዋል፤ ውኃ በማሽኑ ላይ ማፍሰስ ግን የሞት መንገድ ነው። እንዲህ ያለው መቁረጫ በጡቡ ውስጥ በድንገት ሊይዝና ማሽኑን ከእጅ ጋር ሊጠመዝዝ ይችላል፤ ስለዚህ ሠራተኛው በመሰላል ጫፍ ላይ ተንጠልጥሎ ሳይሆን በጠንካራ ርብራብ ላይ ቆሞ፣ በሁለት እጁ ይዞ ይሥራ። ግድግዳው ግማሽ ያህል ከተቆረጠ በኋላ ሥራው ይቁምና ከውጭ በኩል ይቀጠል፤ ቀጭኑ ቀዳዳ መካከሉን ያሳያልና። ከውስጥ እስከ መጨረሻው የገፋ ሰው በውጭ ያለውን ልስን እንደ ሳህን ገንጥሎ ይጥለዋል።

መቁረጫው ያልተገኘ እንደ ሆነ የቀድሞው ዘዴ አለ። በተሣለው ክብ ውስጥ ጠርዙን ተከትሎ፣ ስድስት ሚሊ ሜትር በሆነ የሴራሚክ ፑንታ፣ እጅግ ተጠጋግተው ብዙ ትናንሽ ቀዳዳዎች ይበሳሉ። ከዚያ በኋላ የመካከሉ ሴራሚክ በትንሽ መዶሻና በቀጭን ብረት፣ ከመሐል ወደ ዳር፣ ጥቂት በጥቂት ይለቀማል። ጠርዙ በአሸዋ ወረቀት ወይም በሞረድ ይስተካከላል። ሴራሚኩ ከተለየ በኋላ ጡቡ አያስቸግርም፤ እርሱም በዙሪያው በወፍራም ፑንታ ይበሳና ይለቀማል። የቆየ ቤት ከሆነ በጡቦቹ መካከል ያለው ማያያዣ ከጡቡ ይልቅ ይለሰልሳል፤ በእርሱ ቢጀመር ጡቡ ሙሉውን ይወጣል። ይህ ሥራ ቀኑን ሊፈጅ ይችላል፤ ግን ያምራል።

የጡብና የሴራሚክ አቧራ ሳንባን የሚያቆስል ደቃቅ ሲሊካ አለበት። ሠራተኛው የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ፣ የዓይን መነጽርም ያድርግ፤ ልጆች ከቤት ይውጡ፤ በሩ በእርጥብ ጨርቅ ይዘጋ። አቧራውም በደረቁ አይጠረግ፤ ረጥቦ ይነሣ።

ቀዳዳው ከተከፈተ በኋላ ባዶውን አይተውም። ቱቦው ከግድግዳው ዳር እስከ ዳር ያለ መቋረጥ ይግባ። ይህ በብሎኬት ግድግዳ ከሁሉ ይልቅ ያስፈልጋል፤ ቱቦው ባይኖር እንፋሎቱ በብሎኬቱ ባዶ ሆድ ውስጥ እየገባ ግድግዳውን ከውስጥ ያረጥበዋል። በቱቦውና በጡቡ መካከል ያለው ክፍተት በሲሚንቶና በአሸዋ ይሞላ፤ አንድ ቀን ሙሉ ሳይነካ ይደር። በሴራሚኩ በኩል ወንፊቱ ይገጠማል፤ ዙሪያውም በሲሊኮን ይታሸጋል። በውጭ በኩል ወፍና አይጥ የማያስገባ፣ ወደ ታች ያዘነበለ ክፈፍ ያለው መክደኛ ይደረግ። ወንፊቱ እጅግ የጠበበ ከሆነ በአቧራና በቃጫ ቶሎ ይደፈናል።

ቬንትሌተር የሚጨምር ሰው ሽቦውን ባለሙያ ያስገባለት፤ ማብሪያውም ከሻወሩ እጅ ከማይደርስበት ቦታ ይሁን። ለዚህ መጠን የሚሸጡት ትናንሽ ቬንትሌተሮች እንደ ሥሪታቸው በሰዓት ከ80 እስከ 100 ሜትር ኩብ አየር ያወጣሉ፤ የእኛን 10 ሜትር ኩብ ክፍል ከስድስት እስከ ስምንት ደቂቃ ባለ ጊዜ ውስጥ አየሩን ይለውጡለታል። ታጥቦ ከወጡ በኋላ ሩብ ሰዓት ያህል ቢሠራ ይበቃል። በቤቱ ውስጥ በጋዝ ነበልባል የሚሠራ የውኃ ማሞቂያ ካለ ግን ባለሙያ ሳያማክሩ ቬንትሌተር አያስገቡ፤ የሚስበው አየር የተቃጠለውን ጋዝ ከመውጫው ወደ ቤት መልሶ ሊስበው ይችላልና።

ብዙዎች የሚረሱት የመጨረሻው ነገር በሩ ነው። አየር ካልገባ አይወጣም። ውስጡ 10 ሳንቲ ሜትር የሆነ ቱቦ የአፉ ስፋት 78 ሳንቲ ሜትር ካሬ ያህል ነው። ወርዱ 70 ሳንቲ ሜትር የሆነ በር ከሥሩ አንድ ሳንቲ ሜትር ከጥቂት ክፍተት ቢኖረው ከዚሁ ጋር ይስተካከላል። ስለዚህ በሩ ወለሉን የሚልስ ከሆነ አናጢ ጠርቶ ከሥሩ ጥቂት ማስላግ ነው። መሥራቱንም ለማወቅ በሩን ዘግቶ አንድ ቀጭን ወረቀት በወንፊቱ ላይ ማስጠጋት ይበቃል፤ ቬንትሌተሩ ሲሠራ ወረቀቱ ከተለጠፈ አየሩ ይሄዳል፤ ከወደቀ በሩን ወይም መክደኛውን መመልከት ነው።

በመጀመሪያው ከባድ ዝናብ በማግሥቱ የውጭው ልስን ይታይ። በቱቦው ዙሪያ የረጠበ ክብ ከታየ ወይ ሲሚንቶው ሲደርቅ ተሰንጥቋል፣ ወይም ቱቦው ወደ ውስጥ አዘንብሏል፤ ክረምቱ ሳይገፋ ይታደስ። ወንፊቱ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ክረምቱ ከመግባቱ በፊትና ከወጣ በኋላ፣ ተፈትቶ በሳሙና ይታጠብ። የተረፈው ሴራሚክ በወረቀት ተጠቅልሎ በዕቃ ቤት ይቀመጥ፤ በወረቀቱም ላይ በግድግዳው ውስጥ የተገኙት የሽቦና የቱቦ መስመሮች ከወለሉና ከማዕዘኑ ያላቸው ርቀት በሳንቲ ሜትር ይጻፍበት።